ብሔር የማይል መታወቂያ፦ ፋይዳን ይዤውም አትሜውም ያየሁት

ጓደኞቼ ስለ ፋይዳ፣ ስለ ዲጂታሉ መታወቂያ፣ አንድ ነገር ፃፍ እያሉኝ ከርመዋል። ምክንያታቸው ይገባኛል፣ ያለችኝ ፎቶኮፒና ፕሪንት ቤት ናት፣ ሰው ስልኩ ላይ በሚመጣ ኮድ (ኦቲፒ) ያወረደውን ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ ፊትና ጀርባውን አስተካክዬ ፒቪሲ፣ ማለት ፕላስቲክ ካርድ ላይ አትምለታለሁ፣ ማዕዘኑን እቆርጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ይሄው ነው። ስለዚ ካርዱን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ፣ በኪሴ የምይዘውም እኔ ነኝ ለሰው የማትመውም እኔ ነኝ። ስለ ኔትዎርክና ስለ ወረፋ ብቻ ቢሆን ድሮ ፅፌ ጨርሼ ነበር ግን የኔ ነገር ሌላ ነው። ፋይዳን የወደድኩት አንድ መስመር ስለሌለው ነው፣ የተናደድኩበትም መስመሩ ሳይኖር ሰው እንዴት እንደሚያነበው ካየሁ በኋላ ነው።

መስመሩ ያው ብሔር የሚለው ነው።

የድሮውን የቀበሌ መታወቂያ የያዛችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ወፍራም ወረቀት፣ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ ፎቶው ላይ ግማሹ ያረፈ ክብ ማኅተም። እኔ የመጀመሪያዬን ላወጣ የሄድኩ ቀን ፎርም የሚሞላው ሰውዬ ቀና ሳይል «ብሔር?» አለኝ። ኢትዮጵያዊ አልኩት። «እሱ ዜግነት ነው፣ ብሔር ነው ያልኩህ»። አሰብኩ፣ እናቴ የቡሬ ልጅ ናት፣ ጎጃም፣ አባቴ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተወለደው፣ ትግርኛ «ከመይ» ከማለት አያልፍም። ይሄን ሁሉ ላስረዳው ስጀምር «የአያትህ ስም ማነው?» አለኝ፣ ሐጎስ ስለው በቃ «ትግራይ» ብሎ ፃፈና ማኅተሙን መታ። አያቴ ከአጋመ በእግሩ መጥቶ መርካቶ የሸማ ንግድ ውስጥ የገባ ሰው ነበር፣ አላየሁትም፣ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው። የቡሬው ግማሽ የት እንደገባ የጠየቀኝም የለም። ያኔ ሳቅ ነበር፣ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው ተሳሳቅን፣ ለብዙ ዓመት ማንም ያቺን መስመር አንብቦብኝ አያውቅም።

ከዛ ጥቅምት 2013 መጣ፣ ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ። ዓመት ሞላውና ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መታወቂያ መያዝ ግዴታ ሆነ፣ አከራይ የተከራዩን ማንነት ለፖሊስ ያሳውቅ ተባለ። ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ነበር እኮ ያኔ፣ ሰው መፍራቱ አይገርመኝም፣ እኔም ፈርቼ ነበር፣ እናቴ ዱቄትና ዘይት ገዝታ አልጋ ስር ደብቃ ነበር። ግን ፍርሃቱ መታወቂያ ላይ ወደተፃፈ አንድ ቃል ሲወርድ ሌላ ነገር ይሆናል። በዛው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው እስር ማንነትን መሰረት ያደረገ ይመስላል ብሎ መግለጫ አወጣ።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ታክሲው ቆመ፣ ሁላችሁም ውረዱ፣ መታወቂያ። አንድ ልጅ ከኔ በአስር ዓመት የሚያንስ የሁላችንንም ሰብስቦ በስልኩ መብራት አንድ በአንድ ያነባል። የኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ሐጎስ?» አለ። አያቴ ነው አልኩት። «ትግርኛ ትችላለህ?» አልችልም። «እንዴት አትችልም?» አለኝ። እዚ ጋ ምን ይባላል፣ አለመቻሌ ያድነኛል ብዬ ሳስብ ልጁ የደበቅኩት መሰለው። አጠገቤ ነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ነበሩ፣ ከየት እንደመጣላቸው እንጃ፣ «ኧረ የኔ ልጅ፣ ይሄማ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እናቱ የማኅበር ጓደኛዬ ናት» አሉት። ልጁ አያቸው፣ አየኝ፣ መታወቂያዬን መለሰልኝ። ታክሲው ውስጥ ተመልሰን እስክንገባ ማመስገን አቃተኝ። ሴትዮዋን ከዛ በፊት አይቻቸው አላውቅም፣ እናቴ ደሞ ማኅበር የላትም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ያለችው ነገር «እንደ እትዬ ለተ እንዳያደርጉህ» ነው። እትዬ ለተ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ሁለት ልጆቻቸው የኔ እኩያ ናቸው፣ ከአንድ ቧንቧ ነው የምንቀዳው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር፣ ሰኔ ላይ ይመስለኛል፣ ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። እኛ ልጆቹ ኤርትራውያን መሆናቸውን የሰማነው ጠዋት በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ታሽጎ ስናይ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ልጆቹ ከዛ በፊት ያወቁት አይመስለኝም። ያኔ ከኢትዮጵያ የተባረሩትን ሂውማን ራይትስ ዎች ወደ 75 ሺህ ይገምታቸዋል፣ ለብዙዎቹ ኤርትራዊ ለመባል እንደ ማስረጃ የቀረበባቸው በ1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም መመዝገባቸው ነው፣ ኢትዮጵያ ራሷ ዕውቅና በሰጠችው ድምፅ ማለት ነው። አንድ ወረቀት ላይ በሰላም ጊዜ የሰፈረ ነገር በጦርነት ጊዜ ሌላ ሰው ያነበዋል። እትዬ ለተ ሲወሰዱ ለእናቴ ስድስት ስኒ አደራ ብለው ሰጡ፣ አሁንም አለ፣ አምስት ቀርቷል። በ2010 ክረምት ስልክ ሲከፈት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ አስመራ እየደወለ የማያውቀውን ሰው ሰላም ሲል እናቴ «ስኒው አንዱ ተሰብሯል ብላችሁ ንገሯቸው» እያለች የማታውቀውን ሁሉ ትለምን ነበር።

እሺ ወደ ፕሮዳክቱ ልመለስ።

ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነው፣ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የአስር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስ፣ ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ ዜግነት፣ አድራሻ፣ ስልክ። ብሔር አይጠይቅም፣ ሃይማኖትም አይጠይቅም። ሶፍትዌሩ ሞሲፕ የሚባል ህንድ አገር ባንጋሎር የተሰራ ነው፣ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ምዝገባው ነፃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2017 ታኅሣሥ ወዲህ ያለ ፋይዳ አዲስ የባንክ አካውንት አይከፈትም፣ ስለዚ ወደድክም ጠላህም ታወጣዋለህ።

እኔ ስመዘገብ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ልጅቷ ስሜን ጠየቀችኝ፣ የአባት፣ የአያት፣ ሐጎስ አልኩ፣ ፃፈች፣ ቀጠለች። ጠበቅኩ። ቀጣዩ ጥያቄ ስልክ ቁጥር ነበር። አቦ ልንገራችሁ፣ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የተሰማኝን ቀላልነት ለማንም ማስረዳት አልችልም። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ። ቁጥሩ በኤስኤምኤስ ሲመጣ ሌላው ሰው ረጅም ነው ብሎ ይማረራል፣ እኔ ደስ ነው ያለኝ፣ ቁጥር አያት የለውም።

የአክስቴ ምዝገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ ናት፣ በ2016 ከቡሬ ተነስታ እኛ ጋ መጣች፣ እዛ ሲከፋ ማለት ነው። ገንዘብ የሚላክላት ነገር ስላለ አካውንት ልንከፍትላት አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄድን፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ምዝገባውም እዛው ውስጥ ነው። የያዘችው የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፏል፣ ፎቶው ደብዝዞ ሰው ይሁን ጥላ አይለይም፣ ማኅተሙ ብቻ ነው የሚታየው። አይሆንም አሉ። ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ምስክር ይቻላል ተባለ፣ እኔ ቀድሜ ተመዝግቤ ስለነበር መሰከርኩላት። እስቲ አስቡት፣ በ2014 ማንነቱ የማይታመን የነበረው ልጅ በ2017 የቡሬዋን ሴትዮ ማንነት የሚያረጋግጥ እሱ ሆነ።

ከዛ አሻራ። የእትዬ ጣቶች ሃምሳ ዓመት ምጣድ የነኩ ናቸው፣ መስመር የላቸውም፣ እንደ ጠጠር ለስልሰዋል። ማሽኑ አራቱን ጣት ጫን ሲሉበት አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ቀይ። እንደገና ቀይ። ልጅቷ «እማማ ትንሽ ጫን ያድርጉልኝ» ትላለች፣ እትዬ ጫን ታደርጋለች ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ ቀይ። ሶፍት አመጣን ጠረግን፣ አንዱ ወረፋ ጠባቂ ቅባት ቀቢያት አለ፣ ልጅቷ ከቦርሳዋ ሎሽን አወጣችና ራሷ አንድ አንድ ጣቷን አሸችላት፣ እንደ ልጅ እጅ ይዛ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ማጉረምረም አቆመ። ሰባት ጣት ገባ። ሦስቱ እምቢ አሉ። ዓይኗ ግን በመጀመሪያው ገባ፣ ያ እንደ መነፅር ፊት ላይ የሚደቀነው ነገር ላይ እትዬ ዝም ብላ አፍጥጣ አየችው። «ምን ይላል ውስጡ?» አለችኝ በኋላ። ያቺን ልጅ ስሟን ባለመጠየቄ ይቆጨኛል፣ ቅርንጫፉ ግን ለአምስት ሰዓት ወረፋ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው ነው፣ ያን ያህል ሽማግሌ ቆሞ፣ ይሄ ነውር ነው።

አሁን ስለ ካርዱ ጀርባ። ይሄን የማውቀው ስለማትመው ነው። ፊት ለፊቱ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቀን፣ ቁጥሩ፣ ፎቶ። ጀርባው ላይ ስልክ፣ ዜግነት፣ ኪዩአር፣ ከዛ አድራሻ፣ ክልል፣ ዞን ወይ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ። ብሔር የሚል የለም፣ ግን አስቡት እስቲ፣ ሦስት ትውልድ ስምና ክልል ዞን ወረዳ ከተፃፈ ምን ቀረ? ያለፉትን ዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ይሄን ለማንበብ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። መስመሩን ከወረቀት አጥፍተን ዓይናችን ውስጥ ነው የተከልነው።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። አንድ ከሰዓት አንድ ልጅ መጣ፣ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ሥራ ሊቀጠር ወደ አንድ ቦታ መንገድ ሊሄድ ነው። ፒዲኤፉን ላከልኝ፣ ከፈትኩት፣ ከዛ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ በቀስታ «ወንድሜ ፊቱን ብቻ ማተም ይቻላል? ጀርባው ነጭ ይሁን» አለኝ። ለምን አላልኩትም፣ አድራሻውን እያየሁት ነበር። ነጭ ከሆነ እኮ ውሸት ነው ብለው ይይዙሃል አልኩት። ዝም አለ። «ወረዳውን ማደብዘዝስ?» አለ። ፎቶሾፕ አላደርግም፣ ያ ወንጀል ነው፣ አላደርግም አልኩት። ሙሉውን አተምኩለት፣ ከፈለ፣ ካርዱን ጀርባውን ወደ ውስጥ አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ካለ የአቡዬ ሥዕል ጋር አጣበቀው። ከዛ በኋላ የስንቱን ሰው እንዳየሁ፣ ጀርባውን አንድ ጊዜ አይቶ ፈጠን ብሎ የሚገለብጥ። ድሮ ሰው ፎቶው አላማረም ብሎ ነበር የሚጨቃጨቀኝ።

መንገድ ላይስ ይሠራል ወይ ለምትሉኝ። በ2016 ለቅሶ ቡሬ ሄጄ ነበር፣ እትዬን ያመጣኋትም ያኔ ነው። ያ መንገድ ድሮ ጎሐ ፅዮን ላይ ሻይ፣ ዓባይ በረሃ ላይ እንቅልፍ፣ ደጀን ምሳ ነበር። አሁን ከመነሳትህ በፊት ሦስት ሰው ጋ ትደውላለህ፣ ጥያቄው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብቻ ነው፣ መልሱ ደሞ የሁለት ሰዓት ዕድሜ ነው ያለው። በዛው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችና ሌሎች መንገደኞች፣ ከመቶ በላይ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል፣ እኛ ያለፍንበት መንገድ ነው። ብዙ ኬላ ላይ ወረድን። ብዙው ቦታ ፋይዳዬን በደንብ ተቀብለው አይተው መለሱልኝ፣ ልክ ነው፣ ከአሮጌው ወረቀት ይከበራል፣ ውሸት አይመስልም። ግን ያንን ሁሉ ኪዩአር አንድም ሰው ስካን አላደረገውም። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር እኮ፣ በምን ያደርገዋል? ስሙን ነው የሚያነቡት፣ ከዛ ቀና ብለው ፊትህን፣ ከዛ «ወዴት ነህ? ማን ጋ?» ብለው አነጋገርህን ይሰማሉ። አንዱ ኬላ ላይ ሐጎስ የሚለው አስጠየቀኝ፣ ሌላው ጋ ማንም ደንታ አልነበረውም፣ እዛ ያስጠየቀኝ አዲስ አበባ መኖሬ ነው። አንዱ ጋ የሚያሳልፍህ ሌላው ጋ ያስቆምሃል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ስለሚያውቅ ከኬላ ኬላ ድምፁን ይቀያይራል። አንዲት ልጅ እስከ ጎሐ ፅዮን በኦሮምኛ ስታወራ ነበር ስልክ፣ ዓባይን ስንሻገር ዘጋችና እስክንደርስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ደሞ እሷን ብቻ አይደለም፣ እኔስ እናቴ ጋ ስደውል የቡሬ አነጋገር ማብዛቴን ረዳቱ ነው የነቃብኝ፣ ከመስተዋቱ አይቶኝ ሳቀ።

ሩዋንዳን አንዳንዴ አስባለሁ። ቤልጅየሞች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መታወቂያ ላይ ሁቱ ቱትሲ ብለው ፃፉ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው ያቺ ቃል ነበረች ሰው የምታስገድለው፣ ከዛ በኋላ ሩዋንዳውያን ከመታወቂያ አጠፏት። ማጥፋቱ ልክ ነው፣ አንድ መቶ ጊዜ ልክ ነው፣ እኛም ያላደረግነው ጊዜ በጣም ረዘመ። ያኔ ማታ ታክሲው ላይ የያዝኩት ፋይዳ ቢሆን ኖሮ ልጁ «ሐጎስ» ይል ነበር ግን «ትግራይ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጁ አይኖርም፣ ልከራከረው እችል ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከተፃፈ ጋር ማንም አይከራከርም።

ሌላ የሚያሳስበኝ አለ፣ ይሄን ደሞ የሚያወራው የለም። ሁሉም ነገር አንድ ቁጥር ላይ እየተሰቀለ ነው፣ ባንኩ ሲሙ ግብሩ። በሰላም ጊዜ ይመቻል፣ እኔም ተመችቶኛል፣ ግን በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ ባንክም ስልክም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፣ ዘመድ ያለው ሰው ብር መላክ ሳይችል ነበር የቆየው። ያኔ ቁጥሮቹ የተበታተኑ ነበሩ። አዋጁ ስለ ዳታ ጥበቃ ጥሩ ጥሩ ነገር ይላል፣ አንብቤዋለሁ፣ በመርህ ደረጃ ዳታዬን ያለ ፈቃዴ አይሰጥም። ያስጨነቀኝ ሌባ አይደለም ግን፣ ሌባማ ብሔሬን ምን ያደርግለታል።

ኮከብ ስጥ ካላችሁ፣ አመዘጋገቡ አራት፣ ጣታቸው ለተበላ ሰዎች ሁለት፣ የካርዱ ጥራት እኔ ካተምኩት አምስት (ሄሄ)፣ ብሔር ባለመጠየቁ አምስት፣ ጀርባው ላይ ወረዳውን በመፃፉ ሁለት፣ ኪዩአር ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? በጠቅላላው ሦስት ተኩል በሉት። ያላወጣችሁ አውጡ። የድሮውንም አትጣሉት፣ አንዳንድ ቦታ አሁንም ይጠየቃል።

እትዬ ባለፈው ሳምንት የሷን ካርድ ስሰጣት አገላብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም፣ «ምን ይላል?» አለችኝ፣ አነበብኩላት፣ ስምሽ፣ አባትሽ፣ አያትሽ፣ እዚ አዲስ አበባ የሚል፣ ያለንበት ወረዳ። «ቡሬ አይልም?» አለች። አይልም እትዬ፣ አሁን የምትኖሪበት ነው የሚፃፈው አልኳት። ዝም አለች፣ ከዛ ከመቀነቷ ያንን አሮጌውን፣ ባንኩ እምቢ ያለውን፣ ፎቶው የጠፋውን አወጣችና «እንግዲያው አንድ ላይ አድርገህ በላስቲክ አሽግልኝ» አለችኝ። የላሚኔት ላስቲኩ ለሁለት ጠበበ፣ አሮጌው ወፍራም ነው። ትልቁን ላስቲክ አምጥቼ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጋጠምኩና ማሽኑን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ አየር ገብቷል።